ባለ ሽቦው የባርኮድ ስካነር በደብረ ማርቆስ መደብራችን፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

በደብረ ማርቆስ ከተማ በቤተሰብ በምናስተዳድረው የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ከመስቀል በዓል ማግስት ጀምሮ አንድ ባለ ሽቦ የባርኮድ ማንበቢያ፣ ነጋዴው በተለምዶ ስካነር የሚለውን መሣሪያ፣ ስንጠቀም ቆይተናል። የገናንና የፋሲካን የሽያጭ ግርግር፣ የክረምቱንም የመብራት መቆራረጥ አብሮን አሳልፏል። በሞጣ፣ በቢቸና፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ተመሳሳይ መደብር ያላችሁና ለመግዛት የምታመነቱ ሁሉ ከመወሰናችሁ በፊት ልታውቁት ይገባል የምለውን እጽፋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ መሣሪያው የወጣበትን ገንዘብ መልሷል፤ የመለሰው ግን የዕቃ መዝገባችንን አንድ በአንድ፣ በትዕግሥት ስለሞላንለት ነው።

የገዛነው ኢሜጀር የሚባለውን ዓይነት ነው። በገበያ ላይ በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ስካነር ይገኛል። ሌዘሩ ቀጭን ቀይ ጨረር በሚወዛወዝ ትንሽ መስተዋት አማካይነት በመስመሮቹ ላይ ያመላልሳል፤ ጥቁሩ መስመር ብርሃኑን ሲውጠው ነጩ ክፍተት መልሶ ይልከዋል፤ መሣሪያውም የተመለሰውን ብርሃን ተከትሎ የመስመሮቹንና የክፍተቶቹን ስፋት ይለካል። ሲሲዲ የሚባለው በራሱ መብራት እያበራ በአንድ ረድፍ በተደረደሩ የብርሃን መቀበያዎች ያነባል፤ የሚንቀሳቀስ ክፍል ስለሌለው መውደቅን የበለጠ ይችላል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዕቃው ጠጋ ማለትን ይፈልጋል። ኢሜጀሩ ደግሞ በካሜራ ፎቶ አንሥቶ ኮዱን ከፎቶው ውስጥ ፈልጎ ያወጣል። ሁለቱ የፊተኞቹ ባለ መስመሩን ባርኮድ ብቻ ሲያነቡ፣ ኢሜጀሩ ከዚያ በተጨማሪ ኪው አር ኮድንና ዳታማትሪክስን የመሳሰሉ ካሬ ኮዶችን ያነባል። በዋጋ ከሌዘሩ ይበልጣል። የብራንዱን ስም የማልጠቅሰው አንዱ ቀፎ በብዙ ስም ስለሚሸጥና ስሙ ለገዢው ብዙም ስለማይነግረው ነው፤ ስትገዙ የምትጠይቁት ዓይነቱን ይሁን።

አንድ በዕድሜ የገፉ ደንበኛችን ጠረጴዛው ፊት ቆመው፣ «ልጄ፣ ይህ መብራት ዋጋውን ከየት ነው የሚያውቀው? እዚህ ላይ ተጽፏል እንዴ?» ብለው እኅቴን ጠየቋት። «የለም አባባ፣ እዚህ ላይ ያለው የዕቃው ቁጥር ብቻ ነው፤ ዋጋውን ኮምፒውተሩ ላይ የጻፍነው እኛ ነን» አለቻቸው። ስካነር ገዝቶ ወዲያው ሥራ እንደሚጀምር የሚያስብ ነጋዴ ይህን መልስ ሊይዘው ይገባል። በታሸጉ ሸቀጦች ላይ በብዛት የምናገኘው ኢኤኤን-13 የተባለው ኮድ 13 አኃዞችን ብቻ ይይዛል። በውስጡ የዕቃው ስም የለም፣ ዋጋ የለም፣ የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያም የለም። ባርኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ በሱፐርማርኬት ጠረጴዛ ላይ የተነበበው እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1974 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ በትሮይ ከተማ ነው፤ ዕቃው አንድ እሽግ ማስቲካ ነበር፤ ያን ጊዜም ዋጋውን የነገረው የመደብሩ ኮምፒውተር እንጂ በማስቲካው ላይ የታተመው ኮድ አልነበረም።

በመሆኑም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለፉት ዕቃ በማስመዝገብ ነው። ቁጥሩን ማንበብ የዐይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ አይወስድም፤ ስሙን፣ መጠኑን፣ የመግዣና የመሸጫ ዋጋውን መጻፍ ግን ሰው ይፈልጋል። አንዱ ሰው «ዘይት 1 ሊትር»፣ ሌላው «1 ሊ. ዘይት» ብሎ ከጻፈ በቆጠራ ጊዜ ፍለጋው ስለሚበላሽ፣ መጀመሪያ የዕቃው ዓይነት፣ ቀጥሎ የአምራቹ ስም፣ በመጨረሻ መጠኑ እንዲጻፍ ተስማምተን ያዝነው። ድካሙ የተከፈለን ዋጋ ሲለዋወጥ ነው። ከመርካቶ አዲስ ጭነት በአዲስ ዋጋ በመጣ ቁጥር መዝገቡ ላይ አንድ ቦታ እናስተካክላለን፤ በየዕቃው ላይ የዋጋ ስቲከር መለጠፍና መላጥ ቀረ።

በነጋዴው ዘንድ የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ዕቃው የተመረተበትን አገር ያሳያሉ ይባላል። አያሳዩም። የሚያሳዩት ቁጥሩን ለአምራቹ ድርጅት የሰጠው የጂኤስ1፣ ማለትም የባርኮድ ቁጥሮችን የሚያስተዳድረው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ጽሕፈት ቤት የየት አገር እንደሆነ ነው። በ629 የሚጀምረው ቁጥር ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ በ890 የሚጀምረው ከህንድ፣ በ869 የሚጀምረው ከቱርክ የተሰጠ ነው፤ ዕቃው ግን ሌላ አገር በሚገኝ ፋብሪካ ተመርቶ ሊሆን ይችላል። ደንበኛ ስለ ምርቱ አገር ሲጠይቀን ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን እናነብለታለን።

አሁን ወደ ማንበቡ ልምጣ፤ ስለ ስካነር ሲወራ ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነውና። በካርቶንና በጠፍጣፋ ማሸጊያ ላይ ያለውን ኮድ መሣሪያችን ከየትኛውም አቅጣጫ፣ ቢገለበጥም ሳይቀር ያነባል። የሚያስቸግሩት የሚያብለጨልጩና የሚጨማደዱ ላስቲኮች ናቸው። የፓስታ ላስቲክ ኮዱ ያለበት ቦታ ላይ ከታጠፈ በአውራ ጣት ወጠር ማድረግ ያስፈልጋል። የሚያብለጨልጭ ማሸጊያ ደግሞ የስካነሩን መብራት በቀጥታ ወደ ካሜራው ስለሚመልሰው፣ ፊት ለፊት ከመደቀን ትንሽ ዘንበል ማድረግ ይሻላል። በክብ ጠርሙስ ላይ መስመሮቹ ከታች ወደ ላይ እንደ መሰላል ርብራብ ሲደረደሩ ኮዱ በደንብ ይነበባል፤ ጠርሙሱን ዙረው እንደ አጥር ሲቆሙ ግን ጠርዙ ላይ ያሉት መስመሮች ከዕይታ ይሸሻሉ። በነጭ ላይ በቀይ ቀለም የታተመ ኮድ ቀይ ብርሃን ለሚጠቀም ስካነር አይታይም፤ በቀይ ብርሃን ሥር ቀዩ መስመር እንደ ነጩ ሁሉ ብርሃኑን ስለሚመልስ ልዩነቱ ይጠፋል። የእኛው የሚያበራው በነጭ መብራት ስለሆነ እንዲህ ያለውን ብዙውን ጊዜ ይይዘዋል፤ ከሌዘር ይልቅ ኢሜጀር በመግዛታችን ካገኘናቸው ጥቅሞች አንዱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሠራን የአካባቢያችን ምርት ነው። የጎጃም ማር፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ሽሮና የጤፍ ዱቄት ባርኮድ ይዘው አይመጡም። ለእነዚህ የራሳችንን ቁጥር አውጥተን በትንሽ የስቲከር ማተሚያ እናትማለን። በኢኤኤን-13 ሥርዓት ከ20 እስከ 29 ባሉት ቁጥሮች የሚጀምሩ ኮዶች ለመደብር የውስጥ አገልግሎት የተተዉ ስለሆኑ፣ ከፋብሪካ ዕቃ ቁጥር ጋር አይጋጩም። ለአንድ ኪሎ ማር ያወጣነው ቁጥር 200000000123 ነው፤ አሥራ ሦስተኛውን አኃዝ ፕሮግራሙ ራሱ ያሰላዋል። ስሌቱን በእጅ መሥራትም ይቻላል። ከግራ ተቆጥሮ በጎዶሎ ቦታ (1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ) ያሉት አኃዞች ይደመራሉ፤ እዚህ 2 እና 2 ስለሆኑ 4 ይመጣል። በሙሉ ቦታ (2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያለ) ያሉት ተደምረው በ3 ይባዛሉ፤ 1 እና 3 ድምራቸው 4፣ በ3 ሲባዛ 12 ነው። ጠቅላላው 16 ይሆናል፤ በ10 ወደሚካፈለው ቀጣይ ቁጥር፣ ወደ 20፣ ለመድረስ የቀረው 4 ነው። ስለዚህ ሙሉው ኮድ 2000000001234 ይሆናል ማለት ነው። ይህ የመጨረሻ አኃዝ ኮዱ ተቀዶ ቁጥሩን በእጅ ስንመታ ይጠብቀናል፤ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ፕሮግራሙ አይቀበልም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቢቀያየሩም አብዛኛውን ይይዛል፤ በመካከላቸው የ5 ልዩነት ያላቸው፣ ለምሳሌ 1 እና 6፣ ሲቀያየሩ ግን ያልፈዋል። ስለዚህ በእጅ የገባ ቁጥር ከተቀበለ በኋላም በስክሪኑ ላይ የወጣውን የዕቃ ስም ማየት ግድ ነው።

የስቲከሩ ጉዳይ ከስካነሩ በላይ ትኩረት ወስዶብናል። ማተሚያችን ያለ ቀለም፣ በሙቀት ብቻ በሚጠቁር ወረቀት ላይ የሚያትም ዓይነት ነው። ለበርበሬና ለሽሮ መልካም ነው። በቅቤ ዕቃ ላይ ሲለጠፍ ግን ቅባቱ በወረቀቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያደበዝዘዋል፤ መስኮት አጠገብ በተደረደረ የማር ብልቃጥ ላይም ፀሐይ ወረቀቱን እያገረጣው መስመሮቹ ከቀን ወደ ቀን ይሳሳሉ። ለቅቤ የተለጠፈውን ስቲከር በሰፊ ግልጽ ፕላስተር መሸፈን ረድቶናል፤ ዘላቂው መፍትሔ ግን በሪባን ቀለም የሚያትመው ማሽን ነው። ሌላው መታወቅ ያለበት ከኮዱ ግራና ቀኝ ያለው ባዶ ነጭ ቦታ ነው። በመደበኛው መጠን ከግራ 3.6፣ ከቀኝ 2.3 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ሊተውለት ይገባል፤ ስካነሩ ኮዱ የት እንደሚጀምርና እንደሚያልቅ የሚያውቀው በዚያ ነው። ስቲከሩ እንዲያምር ተብሎ ጠርዙ በመቀስ ሲከረከም፣ መስመሮቹ አንዳች ሳይነኩ ኮዱ አልነበብ ይላል።

ስካነሩን ከላፕቶፑ ጋር ማገናኘት ቀላል ነው፤ በዩኤስቢ ይሰካል፣ ኮምፒውተሩም እንደ ኪቦርድ ይቆጥረዋል። ያነበበውን ቁጥር ልክ በጣት እንደተመታ አድርጎ ይጽፋል፤ መጨረሻ ላይ ኢንተር እንዲጨምር የሚደረገውም ከመመሪያው ወረቀት ላይ ለዚሁ የተዘጋጀውን ኮድ በራሱ በስካነሩ በማንበብ ነው። ወረቀቱ ሊጠፋ ስለሚችል በስልክ ፎቶ አንሡት። ኪቦርድ መምሰሉ ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች አንድ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአማርኛ መጻፊያው በርቶ ሳለ በቁጥር ብቻ የተሠራው ኢኤኤን-13 ያለ ችግር ይገባል፤ ጅምላ አከፋፋዮች በራሳቸው ስቲከር ላይ የሚጠቀሙበት፣ የላቲን ፊደልና ቁጥር የሚቀላቅለው ኮድ 128 ግን ፊደሉ ወደ ግዕዝ ተለውጦ ሀ እና በ እየሆነ ይወጣና ፕሮግራሙ ዕቃውን አያገኘውም። የዕቃ ስም በአማርኛ ከጻፋችሁ በኋላ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ልማድ ይሁንላችሁ።

ጭነት ስንረከብም ይጠቅመናል። በካርቶኑ ላይ፣ በወፍራም ጥቁር ክፈፍ ተከቦ የሚታተመው ባለ 14 አኃዝ ኮድ አይቲኤፍ-14 ይባላል፤ የሚወክለው ሙሉ ካርቶኑን ነው። በመዝገቡ ውስጥ ካርቶኑን ስንት ፍሬ እንደሚይዝ አድርገን ስላስገባነው፣ አንዴ ሲነበብ ፍሬዎቹ በሙሉ ስቶክ ውስጥ ይደመራሉ።

የመሣሪያው ጥንካሬ መካከለኛ ነው። በላዩ ላይ አይፒ 42 ተብሎ የተጻፈው የመከላከያ ደረጃ፣ ከ1 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ጠጣር ነገር እንደማያስገባና ዘንበል ባለ ጊዜ ከላይ የሚንጠባጠብ ውኃን እንደሚችል ያመለክታል። ይህ ለቢሮ ይበቃል፤ ለእኛ መደብር ግን አይበቃም። የጤፍ ፍሬ እንኳ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፣ ዱቄቱማ ከዚያ እጅግ የደቀቀ ነው። ዱቄት በምንመዝንበት ቀን የስካነሩ መስኮት ላይ ስስ ብናኝ ያርፋል፤ ንባቡም ይዘገያል። በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ እናብሰዋለን፤ በነጠላ ጫፍ ወይም በሶፍት ማሸት መስኮቱን ይጭረዋል። ኬብሉ ከእጀታው በሚወጣበት አንገቱ ላይ መልፈስፈስ ጀምሯል፤ ከእጀታው የሚነቀል ስለሆነ እርሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ኃይሉን ከላፕቶፑ ስለሚወስድ መብራት ሲጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ ሥራ አይቆምም፤ እንደኛ ባለ ከተማ ከዴስክቶፕ ይልቅ ላፕቶፕ እንድትመርጡ የምመክረው ለዚህ ነው።

ኢሜጀር መምረጣችን ትክክል እንደነበር ያረጋገጠልን ከጎረቤታችን ካለው መድኃኒት ቤት የመጣ አንድ የመድኃኒት ፓኮ ነው። በፓኮው ላይ ያለችውን ጥፍር የምታህል ዳታማትሪክስ ስናነባት፣ ከምርቱ ቁጥር ሌላ 17 ከሚለው መለያ ቀጥሎ የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያውን በዓመት፣ በወርና በቀን፣ 10 ከሚለው ቀጥሎ የምርት ባች ቁጥሩን አወጣች። በምግብ ሸቀጦች ላይ ይህ ገና አልተለመደም፤ የማብቂያ ጊዜውን እኛው በእጃችን እንመዘግባለን። ሆኖም ጂኤስ1 በዓለም ዙሪያ ያሉ ቸርቻሪዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2027 መጨረሻ ድረስ ባለ ካሬ ኮዶችን በሽያጭ ጠረጴዛ ላይ ማንበብ እንዲችሉ እየሠራ ስለሆነ፣ ዛሬ ሌዘር የሚገዛ ሰው ነገ ሌላ ሊገዛ ነው።

ለሁለተኛው ጠረጴዛችን የምንገዛው ይህንኑ ኢሜጀር ሆኖ፣ አቧራን የበለጠ የሚቋቋም አይፒ 54 የሆነውን ነው፤ መለዋወጫ ኬብልም አብረን እናዛለን። ገመድ አልባውን አንወስድም፤ ባትሪ መሙላትን ይጠይቃል፣ ከጠረጴዛውም ርቆ ይጠፋል። የዕቃ መዝገቡን ግን በየሳምንቱ መጨረሻ በፍላሽ ገልብጠን ከመደብሩ ውጭ እናስቀምጣለን፤ ስካነሩ ቢሰበር በማግስቱ ሌላ ይገዛል፣ መዝገቡ ከጠፋ ግን የዕቃውን ሁሉ ስምና ዋጋ እንደገና መጻፍ ሊኖርብን ነው።