የእግሬ መርዝ መስሎኝ ዝገት ነበር

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ስኳር ያለባችሁ፣ እግራችሁ የሚደነዝዛችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

«ከእግር መርዝ እናወጣለን» የሚሉትን ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል፣ ነጭ ጋውን፣ ግድግዳው ላይ የውስጥ እግር ሥዕል፣ ቲክቶክ ላይ «ያለ መድኃኒት» የሚል ማስታወቂያ። እግራችሁን ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ ትነክራላችሁ፣ ማሽኑ ይሰካል፣ ውሃው ቡናማ ይሆናል። «ይኸው መርዙ ወጣ!» 10 ጊዜ፣ 9,000 ብር፣ ቅድሚያ በቴሌብር። ከፈልኩ። ሌሊት እግሬ እንደ ፍም ያቃጥለኛል፣ ቀን ደግሞ የሌላ ሰው እግር ይመስለኛል። እንዲህ የሆነ ሰው የማይሞክረው ነገር አለ?

ስድስት ጊዜ ሄድኩ። ውሃው በጠቆረ ቁጥር ደስ ይለኛል። ፎቶ እያነሳሁ ለወንድሜ ሁሉ እልክ ነበር።

ትናንት ለሰባተኛው ቀደም ብዬ ደረስኩ። ልጅቷ ሳፋውን አጥባ ንጹህ ውሃ ስትሞላ በዓይኔ አየሁ። ጨው ነሰነሰች፣ ማሽኑን ሰካች፣ ስልክ ተደወለላትና ወጣች። እኔ ገና ካልሲዬን እያወለቅኩ ነው። ሳፋው ውስጥ የማንም እግር የለም። ውሃው ቀስ እያለ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ቡናማ። ከዚያ አረፋ ደፈቀ። ስድስት ጊዜ ያየሁት ያው «መርዝ»!

ስትመለስ «ይሄ የማን መርዝ ነው?» አልኳት።

ሳፋውን አየች፣ እኔን አየች። «ከበፊቱ ሰው የቀረ ነው።»

«አሁን አይደል እንዴ አጥበሽ የሞላሽው?»

ዝም። ጋውን የለበሰው መጣ። «አባባ፣ ቴክኒካል ነገር ነው፣ አይገባዎትም።»

አይገባኝም! (58 ዓመቴ ነው፣ ደግሞ አባባ!) 30 ዓመት ጋራዥ የሠራሁ ሰው ነኝ። ብረት ጨዋማ ውሃ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት እንደሚበላና እንደሚዝግ ለረዳቶቼ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ስድስት ጊዜ ሙሉ ሳፋው ውስጥ የሚነከረውን የማሽኑን ብረት አፍንጫዬ ሥር አይቼ ዝገቱን የራሴ መርዝ ነው ብዬ አመንኩ። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ብሬን ስጠይቅ «የተከፈለ አይመለስም፣ ተጽፏል» ብሎ ልጅቷን ጠቀሳት። ሳቀች።

ማታ ባለቤቴ ካልሲዬ እርጥብ ሆኖ አገኘችው። ተረከዜ ላይ የሳንቲም ያህል ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል። ከትናንት በስቲያ የነከሩኝ ውሃ ትኩስ ነበር ለካ። እኔ ለብ ያለ ነው የመሰለኝ።

ዛሬ ጤና ጣቢያ ነርሷ ቁስሉን ጠርጋ አሸገችልኝ። ከዚያ በቀጭን የላስቲክ ክር እግሬን እዚህም እዚያም እየነካች «ተሰማዎት?» አለችኝ። አራት ቦታ ላይ ምንም። እነዚያ ስድስት ጊዜ ሲነክሩኝ አንድም ቀን እግሬን ነክቶ ያየ የለም።

የነገረችኝን ልንገራችሁ። ነርቩን የሚጎዳው ለረጅም ጊዜ ከፍ ያለው ስኳር ነው፤ በሳፋ አይወጣም። የደነዘዘ እግር አይዘፈዘፍም። ለብ ባለ ውሃ ታጥባችሁ ቶሎ አውጡት፣ ሙቀቱን በክርናችሁ ሞክሩ፣ በጣቶቻችሁ መሃል አድርቁ፣ ውስጥ እግራችሁን በየቀኑ በመስታወት እዩ።

ወንድሜ አሁን ደወለ። እሱም ስኳር አለበት። የላክሁለትን ፎቶ አይቶ ጠዋት ለ10 ጊዜ ከፍሏል።