ለሲራራ ንግድ የትኛው ያዋጣል? ግመል፣ በቅሎ ወይስ አህያ

ዘመኑ የጎንደር ነው እንበል። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1636 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ከቆረቆሩ ወዲህ። እናንተም ሲራራ ነጋዴ፣ ማለትም በጭነት እንስሳ ሩቅ አገር እየተጓዘ የሚነግድ ሰው፣ ልትሆኑ ቆርጣችኋል። መንገዱ ከምጽዋ በዓድዋ አድርጎ ተከዜን ይሻገራል፤ ከዚያ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ይገባል። መነሻ ገንዘባችሁን በየትኛው እንስሳ ላይ ታውሉታላችሁ?

ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ይጭናል?» ብሎ ነው። በዚህ ከሄድን ግመል ያሸንፋል። ጥሩ ግመል ሁለት ኩንታል ያህል ይሸከማል። በቅሎ የዚያን ግማሽ፣ አህያ ደግሞ 50 ወይም 60 ኪሎ። እኔ ግን ከሸክሙ በፊት መንገዱን እዩ ነው የምለው።

ግመል በቆላ አቻ የለውም። ከአፋር የጨው ሜዳ አሞሌ (ተጠርቦ የተቆረጠ ጨው) ለማውጣት እሱን የሚያህል የለም። ውሃ ሳይጠጣ ቀናት ይጓዛል። ተንበርክኮ ስለሚጫንም ሸክም ወደ ላይ በማንሳት ወገብ አይቆረጥም። ደጋ ሲወጣ ግን ነገር ይበላሻል። ሰፊው መዳፉ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፣ ስለታም ድንጋይም ያቆስለዋል። ለዚህ ነው ከምጽዋ የተነሳ ጭነት ተራራው ግርጌ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ከግመል ወርዶ በበቅሎ የሚጫነው። ስለዚህ ግመል አትግዙ። ከነባለቤቱ ተከራዩ፤ ውሃውንም መንገዱንም የሚያውቀው እሱ ነው።

ለሊማሊሞ ዓይነት ዳገት በቅሎ ናት። እግሯ አይስትም። ስትገዙ ግን ኮርቻውን አስወርዱና ጀርባዋን በእጃችሁ ዳብሱ። በጠቆረው ፀጉር መሃል ነጭ ነጭ ካያችሁ ድሮ ተልጦ የዳነ ቁስል ነው። ጥፋቱ የአጫጫን ነው። የበቅሎ ጭነት ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሆኖ እኩል አንስቶ ነው የሚጭነው። አንዱ ጎን ከከበደ ኮርቻው ያጋድላል፣ ማታ ስታራግፉ ጀርባዋ ተልጦ ታገኙታላችሁ። ገጣባ በቅሎ እስክትድን ድረስ ቆማ ትቀለባለች፤ ገንዘባችሁም አብሮ ይቆማል።

ዋጋዋም አይቀመስም። መኳንንቱና ካህናቱ ለግልቢያ ስለሚሻሟት ነጋዴው ከነሱ ጋር ተጋፍቶ ነው የሚገዛት። አትወልድም፣ ከሞተች ሌላ መግዛት ነው። የቆላ በሽታም ከአህያ ይልቅ እሷን ይጥላታል።

አህያን ብዙ ሰው ይንቃታል። እኔ ግን ለጀማሪ ከእሷ የተሻለ አላውቅም። ርካሽ ናት፣ ያገኘችውን ትበላለች፣ ትወልዳለች፣ አንድ ሰውም ብቻውን ይጭናታል። አንዷ ብትሞት ንግዱ አብሮ አይሞትም። ዝግታዋም ለአሞሌ ነጋዴ ያን ያህል ጉዳት የለውም። አሞሌ ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አንድ ከባድ ጉድለት አለባት፤ አጭር ናት። ተከዜ ሞልቶ ከተሻገራችሁ ውሃው ጭነቱ ላይ ይደርሳል፤ ጨው ደግሞ ውሃ ከነካው አለቀለት። ክረምት ወጥቶ ወንዙ እስኪጎድል ጠብቁ።

በቀንድ የታሸገ ዝባድ (ከጥርኝ የሚገኝ ሽቶ) ወይም ውድ ጨርቅ ከሆነ የምታመላልሱት፣ በቅሎ ግዙ። ሸክሙ ቀላል፣ ዋጋው ከባድ ስለሆነ ወጪዋን ትመልሳለች። ለአሞሌ ግን በአንዲት በቅሎ ዋጋ አህዮች ግዙና ከነጋድራሱ (የነጋዴዎቹ አለቃ) ጓዝ ጋር ተቀላቀሉ። ሽፍታ ስላለ ለብቻችሁ እንዳትወጡ።