ስምንት ወር በጣሪያ ላይ፦ በእጄ የሠራሁት የሮቶ ውሃ መለኪያ

በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት። ከግቢው ማጠራቀሚያ ወደ ጣሪያው ሮቶ የሚገፋ ፓምፕ አለን። ሮቶው ምን ያህል እንደያዘ ለማወቅ እናቴ በመሰላል ወጥታ ጎኑን በመዳፏ ትመታ ነበር። ይህን መሣሪያ የሠራሁት እሷን ከመሰላሉ ለማውረድ ነው።

አንጎሉ ኢኤስፒ32 የተባለው ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) ነው፤ የውሃውን መጠን ያነባል፣ ፓምፑንም ያስነሳል፣ ያቆማል። እስካሁን አንድ ቀን እንኳን አላስቸገረኝም። የራሱን ገጽ በቤቱ ዋይፋይ ስለሚያቀርብ ኢንተርኔት ቢጠፋም ሊትሩን በስልካችን እናያለን።

ትግሉ ከዳሳሹ ጋር ነበር። ዳሳሹ ከላይ ድምፅ ልኮ በማሚቶው እስከ ውሃው ያለውን ርቀት ይለካል። መጀመሪያ የገጠምኩት ያልተሸፈነ የድምፅ ሞገድ ዳሳሽ ከክዳኑ ሥር በሚታመቀው እርጥበት በሁለት ወር ዛገ። ውሃ የማያስገባውን ገዛሁ፤ እሱ ደግሞ ከ25 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ርቀትን በትክክል አያነብም። በእኛ ሮቶ አንድ ሴንቲ ሜትር 9.5 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃው ከዳሳሹ 25 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ፓምፑን ባስቆመው ወደ 240 ሊትር የሚይዝ ቦታ ባዶ ይቀራል። ውሃ በባልዲ በሚቆጠርበት ቤት ይህ ቀላል አይደለም። ዳሳሹን ከክዳኑ በላይ በሰፊ የፕላስቲክ አንገት ላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩትና አብዛኛውን አስመለስኩ።

ፀሐይን ግን ፈጽሞ አላሰብኳትም። ቀትር ላይ ማንም ሳይጨምርበት የውሃው መጠን ከፍ ብሎ ይታያል። ምክንያቱን ሳገኘው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፦ ድምፅ በ20 ዲግሪ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ40 ዲግሪ 355 ይደርሳል። ማሚቶው ቀድሞ ስለሚመለስ መሣሪያው ውሃው የቀረበ ይመስለዋል። በአንድ ሜትር ርቀት ስህተቱ ከ30 ሊትር ይበልጣል። ትንሽ የሙቀት መለኪያ ጨምሬ ስሌቱን አስተካከልኩ።

አደገኛው ስህተት የእኔው ነበር። የፓምፑን ሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቁን መስመር የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ያገናኘሁት ከኢኤስፒ32 ሰሌዳ ቁጥር 5 ፒን (የሽቦ መገናኛ እግር) ጋር ነበር፤ ይህ ፒን ሰሌዳው ሲነሳ ለአፍታ ኃይል ያወጣል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ፓምፑ ሳይታዘዝ ይነሳ ነበር። ወደ ቁጥር 26 አዛወርኩት። ከዚያ ወዲህ በፕሮግራሙ ብቻ አልተማመንም፤ ሮቶው ሲሞላ መስመሩን የሚያቋርጥ ተንሳፋፊ ማጥፊያም ገጥሜያለሁ። መሣሪያውን የሚሠራ ሰው ይህን እንዳይተው፣ የ220 ቮልቱንም መስመር ለኤሌክትሪክ ባለሙያ እንዲሰጥ አጥብቄ እለምናለሁ።

መሰላሉ አሁን ከጓሮው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እናቴ ልብስ ከመዘፍዘፏ በፊት ስልኳን ታያለች፤ ከ300 ሊትር በታች ከሆነ ለነገ ታሳድረዋለች።