ሽቦ፣ ስልክ ወይስ ጋርሚን? የብስክሌት መለኪያ ለመግዛት ላሰባችሁ

ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥላ የምትመጣ ጥያቄ አለች፦ «አማካይህ ስንት ነው?» አማካይ ፍጥነትህ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ነው ለማለት ነው። ባህር ዳር ያለ ጓደኛዬ «24» ይላል። እኔ አዲስ አበባ ላይ 17 ካለፍኩ ቀኑ ቀንቶኛል ማለት ነው። እሱ ከእኔ ይበረታ ይሆን? ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ግን ይህን አይናገርም። እሱ ሜዳ ላይ ነው፣ እኔ ዳገት ላይ።

መለኪያ የምንገዛው «እየተሻሻልኩ ነው ወይ?» የሚለውን ለማወቅ ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው ዕቃ ደግሞ ፍጥነት ነው የሚያሳየው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ብዙ ብር የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። 10 ኪሎ ሜትር ዳገት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ወጣችሁ እንበል። ያንኑ መንገድ በ40 ወረዳችሁ። አማካዩ 25 ይመስላል አይደል? 16 ነው። ለመውጣት 60 ደቂቃ፣ ለመውረድ 15 ደቂቃ ፈጀባችሁ፤ 20 ኪሎ ሜትር በ75 ደቂቃ ማለት ነው። ቁልቁለቱን ነፍሳችሁን አስይዛችሁ በ50 ብትወርዱት እንኳ 16.7 ቢሆን ነው። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ስትሄዱ ጀግና፣ ስትመለሱ ሰነፍ የምትሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በመቶዎች ሜትር ዝቅ ትላለች።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ።

በጣም ርካሹ ባለ ሽቦው ነው። ትንሽ ማግኔት የፊት ጎማው ራጂ ላይ ትታሰራለች። ሴንሰሩ ጎማውን የሚይዘው ሹካ ላይ ይሆናል፤ ሽቦው ወደ መሪው ይወጣል። ጎማው በዞረ ቁጥር አንድ ይቆጥራል፤ ሥራው ይኸው ነው። ሳተላይት አይፈልግም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በአንዲት የሰዓት ባትሪ ወራት ይሠራል። የጃፓኑ ካትአይ እና የጀርመኑ ሲግማ በዚህ የታወቁ ናቸው። ስም የሌላቸው ርካሾችም ሞልተዋል፤ ለመቁጠር ያህል እነሱም ይቆጥራሉ።

ችግሩ የጎማችሁን ዙሪያ እናንተ መንገር አለባችሁ፣ ያውም በሚሊ ሜትር። እኔን ያሞኘኝ ይህ ነው። የገዛሁበት ሱቅ «እኛ እናስተካክልልሃለን» ብሎ ለሌላ ጎማ የሚሆን ቁጥር ሞላልኝ። የእኔ ጎማ ዙሪያ 2050 ነበር፤ የተሞላው 2180። በሰዓት 20 ስሄድ 21.3 ይለኛል። ሁለት ወር ሙሉ ለሰው ሁሉ «ተሻሽያለሁ» እያልኩ አወራሁ። ጉድ ነው የሆንኩት። ስለዚህ ራሳችሁ ለኩት፦ የንፋስ መሙያውን ወደ መሬት አድርጋችሁ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ሙሉ ዙር ተንከባለሉ፤ እንደገና ምልክት አድርጉና በሜትር ለኩ። መቀመጣችሁ ይጠቅማል፤ ክብደት ሲያርፍበት ጎማው ትንሽ ይሟሽሻል።

ስልክ ደግሞ በእጃችሁ ያለ ነው። ስትራቫ የሚባለውን የስፖርት መመዝገቢያ መተግበሪያ ጫኑ፣ ኪሳችሁ ክተቱት፣ ንዱ። ነጻው ስሪት ርቀቱን፣ ሰዓቱን፣ መንገዱንና የወጣችሁትን ከፍታ ይመዘግባል። ዳገት በዳገት የሚያወዳድረውን ክፍል ግን በ2020 አብዛኛውን ወደ ክፍያ አዙረውታል። መፍትሔ አለው፦ ዳገቱ ሥር ስትደርሱ አዲስ ጉዞ ጀምሩ፣ ጫፍ ላይ ዝጉት። የዚያ ዳገት ሰዓት ለብቻው ተቀመጠላችሁ።

ስልኩን መሪ ላይ አስሮ መንዳትን አልመክርም። መብራት ላይ ስትቆሙ የሚመነትፍ አይጠፋም። ስክሪኑ ሁልጊዜ ከበራም ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ሌላው፣ ስትራቫ የቆማችሁበትን ጊዜ ቀንሶ ነው አማካይ ፍጥነቱን የሚያወጣው። 30 ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ተኩል ነድታችሁ፣ በመሃል ለማኪያቶና ለመብራት ግማሽ ሰዓት ከቆማችሁ፣ በስትራቫ 20 ነው፣ በግድግዳ ሰዓት 15። ጓደኛችሁ ቁጥሩን ሲነግራችሁ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁት።

ቀጥሎ የብስክሌት ጂፒኤስ፣ ማለትም በሳተላይት ያላችሁበትን የሚያውቅ መለኪያ፣ ይመጣል፤ ጋርሚን ኤጅ፣ ዋሁ፣ ብራይተን እና መሰሎቻቸው። ዋጋቸው ሲበዛ የተለያየ ነው፤ ትልልቆቹ ጋርሚኖች ከ500 ዶላር ያልፋሉ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላሉ። ስክሪናቸው ፀሐይ ላይ ይነበባል፣ ዝናብ ይችላሉ። ብዙዎቹ በአየር ግፊት ከፍታ ስለሚለኩ ለእንጦጦ ዓይነት መንገድ ከብዙ ስልክ ይሻላሉ። ከዲሲ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ «ምን ላምጣልህ?» ሲል በብዛት የሚጠራውም ይኸው ነው። ግን እንደ ፍጥነት መለኪያ ብቻ ካየነው፣ በፎቅ መሃልና ጥቅጥቅ ባለ ባህር ዛፍ ሥር መስመሩ ይዛባል። ዙሪያው በትክክል የተሞላ ባለ ሽቦ እዚያ ቦታ ይበልጠዋል። ረጅም መንገድ፣ የማታውቁት አገር፣ ካርታ ካስፈለጋችሁ ግዙ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ መንገድ ለምትመላለሱ ግን ቅንጦት ነው።

ያ የዲሲ ዘመድ ብስክሌተኛ ከሆነ ደግሞ ከእሱ ጋር ቁጥር አትወዳደሩ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ስስ አየር ሜዳ ላይ ብስክሌትን ብዙ አይዝም። የቤልጂጉ ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ በ1972 የአንድ ሰዓት ሪከርዱን በ49.431 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለችው ሜክሲኮ ሲቲ ሄዶ የሰበረው ለዚህ ነበር። ዳገት ላይ ግን ያው ስስ አየር ሳንባን ይቀጣል፤ ከቆላ የመጣ ሰው እንጦጦ ላይ ምላሱ ይወጣል።

የስፖርት ሰዓት ያላችሁ ፍጥነቱን እመኑት። የልብ ምቱን ግን በጥርጣሬ እዩት፤ መሪ አጥብቃችሁ ስትይዙና ኮብልስቶን ላይ ስትንቀጠቀጡ እጅ ላይ የሚለካው ብዙ ይስታል።

ፓወር ሜትር ከሁሉም እውነተኛው ነው። ፔዳሉን ስንት ዋት እንደረገጣችሁ ይናገራል፤ ነፋስም ዳገትም አያታልለውም። ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከብስክሌቴ ይበልጣል። ለመዝናናት ለሚነዳ ሰው ደግሞ ምትክ አለው፤ ዳገትና ሰዓት። እናንተና ብስክሌታችሁ 85 ኪሎ ናችሁ እንበል። 300 ሜትር ከፍታ በ20 ደቂቃ ከወጣችሁ፣ ክብደቱን ለማንሳት ብቻ ወደ 208 ዋት አውጥታችኋል። በሚቀጥለው ወር 18 ደቂቃ ከሆነ 232 ገደማ። ዳገት ላይ ቀስ ስለምንሄድ የነፋሱ ድርሻ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡ ብዙ አይዋሽም። ሜዳ ላይ ይህ አይሠራም። እዚያ ከ25 ወደ 30 ለመድረስ አየሩን ለመግፋት ብቻ 1.7 እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። «25 ላይ ተቸነከርኩ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እየተሻሻለ ነው፤ አየሩ ነው የሚበላበት።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምገዛው ፍጥነት መለኪያ አይደለም፣ ደረት ላይ የሚታሰር የልብ ምት ቀበቶ ነው። ፖላር ኤች10 ወደ 100 ዶላር ነው፤ ርካሾቹ በ40 ዶላር አካባቢ ይገኛሉ። ፍጥነቱንና ሰዓቱን ስልኩ ይይዘዋል። በወር ሁለቴ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም እወጣለሁ፤ ያው ብስክሌት፣ ያው የጎማ ንፋስ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል። የልብ ምቴን 150 አካባቢ ለመያዝ እሞክራለሁ፤ ከዚያ ደቂቃውን አያለሁ። በዚያው ምት ደቂቃው ከቀነሰ ተሻሽያለሁ። በጾም ወቅት ባዶ ሆዴን ስወጣ ቁጥሩ ይበላሻል፤ ሌሊት ካልተኛሁም እንዲሁ። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ አይቼ አልፈርድም፤ ሦስት አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ።

ቀበቶውን ከማሰራችሁ በፊት የሚነካውን ቦታ በውሃ አርጥቡት፤ በደረቁ ምቱን በደንብ አይዝም። ስትገዙ ደግሞ ብሉቱዝ እንዳለው እዩ። ኤኤንቲ ፕላስ የሚባለው ሌላ ገመድ አልባ መገናኛ ብቻ ያለው ከጋርሚን ጋር ይግባባል፣ ከብዙ ስልኮች ጋር ግን አይገናኝም።