ውሉ ላይ አንድ አሃድ ወይስ ሦስት?

ጅማ ያለ የቡና ገበሬዎች ማኅበር የርክክብ፣ የመጋዘንና የክፍያ ሶፍትዌር በውል ሊያሠራ ነው እንበል። ሥራው በሙሉ አንድ የውቅር አሃድ ይባል ወይስ ሦስት? አሃድ ማለት የራሱ ሰነድና የስሪት ቁጥር ኖሮት ለብቻው የሚጸድቅ ክፍል ነው።

አንድ ከሆነ ወረቀቱ ይቀላል፤ የፍላጎት፣ የንድፍ፣ የፍተሻና የስሪት መግለጫ ሰነድ አንድ አንድ ብቻ። ጣጣው የሚመጣው በለቀማ ወቅት ነው። የክፍያ ስሌቱ በተቀየረ ቁጥር ያልተነካው የሚዛን ምዝገባም አብሮ አዲስ ስሪት ይሆናል፣ እንደገናም ይፈተሻል። እሸት ቡና ደግሞ አያድርም።

ሦስት ሲሆን እያንዳንዱ ለብቻው ይለወጣል፣ ለብቻው ይረከባል። ሰነዱ ግን ይባዛል፤ አሃዶቹ የሚገናኙበት መንገድም የራሱ ሰነድ ያስፈልገዋል። ይህን ሰነድ ውሉ ላይ በስሙ አስጽፉት፤ ካልተጻፈ ሰነዱ አይዘጋጅም፣ ስህተት ሲገኝም ተጠያቂው አይታወቅም።

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ በ1998 የተሻረው የሶፍትዌር ሥራና ሰነድ መስፈርት፣ ሚል-ስታንዳርድ 498፣ እያንዳንዱ ሰነድ ምን እንደሚይዝ የሚያሳዩ 22 መግለጫዎች ነበሩት፤ የማያስፈልገው እንዲቀነስም ይፈቅድ ነበር።

በእኔ እምነት ርክክብና መጋዘን አብረው ስለሚለወጡ በአንድ አሃድ ይሁኑ፤ ክፍያ ግን ለብቻው ይውጣ።