የመጋቢት 8 የጨው ፍሪምባና ጥቁር ቢራ፦ ከአሜሪካ መደርደሪያ የቱ ይገዛል?

ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች የሥጋ ክፍል በላስቲክ በታሸገ፣ ቀላ ያለ ውሃ ባዘለ ሥጋ ይሞላል። አጠገቡ ጥቅል ጎመን በርካሽ ይከመራል፤ ቢራው ጋ ደግሞ ጊነስ የሚባለው የአየርላንድ ጥቁር ቢራ በካርቶን ተደራርቦ ይቆማል። ማርች 17፣ በእኛ መጋቢት 8፣ የአየርላንዱ የቅዱስ ፓትሪክ ቀን ነው። ከተደረደረው ሁሉ ገንዘብ የሚወጣበት ጥቂቱ ነው። አረንጓዴ ቀለም የተጨመረበትን ቢራ፣ ዳቦና ኬክ እለፉት፤ ቀለም እንጂ ሌላ የሚጨምረው ነገር የለም።

ከሥጋው እንጀምር። በላስቲክ የታሸገው፣ ኮርንድ ቢፍ የሚሉት፣ በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ የከረመ የበሬ ፍሪምባ ነው። አየርላንድ ውስጥ ግን ጎመን በብዛት የሚቀቀለው ከአሳማ ቤከን ጋር ነው፤ ፓርስሊ ያለበት ነጭ ስጎ ፈስሶበት ይበላል። የኮርክ ከተማ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የበሬ ሥጋ በጨው እያሸች በመርከብ ትሸጥ ነበር፤ የአገሬው ድሃ ግን ላሙን ለወተት ነው የሚያኖራት። ወደ ኒውዮርክ የተሰደዱት አይሪሾች (የአየርላንድ ሰዎች) በአቅማቸው ያገኙት የበሬ ፍሪምባን ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚገዙት ከአይሁድ ሥጋ ቤቶች ነበር። አሳማ ለማይገባበት ቤት የስደተኞቹ ምግብ ከአገር ቤቱ ይሻላል ማለት ነው። ሐላል የሚበላ ሰው ግን ማኅተሙን ሳያይ እንዳይገዛ።

እሽጉ ላይ ሁለት ዓይነት ስም ታያላችሁ። ፍላት ከት የሚለው ስስና ወጥ ነው፣ ስቡ ከላይ ብቻ ነው፣ ሲቆረጥ ያምራል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ፖይንት ከት የሚለው ወፈር ያለ፣ ስቡ በሥጋው መሀል የተሰገሰገ ነው፤ ሲቆረጥ ይፈራርሳል እንጂ አይደርቅም። ለእንግዳ ሰሃን ላይ ለመደርደር ፍላቱን ውሰዱ። ለጣዕም ከሆነ ፖይንቱ ይበልጣል፤ ርካሽነቱ ተጨማሪ ነው። ፍላት ስትመርጡ ላዩ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሴንቲሜትር ስብ ያለውን ፈልጉ። ሙልጭ ብሎ የተላጠው እንደ ጣውላ ይደርቃል።

መለያው ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ መቶኛ አለ፦ ከክብደቱ ምን ያህሉ የጨው ውሃ እንደሆነ የሚናገር። የምትከፍሉት ለእሱም ስለሆነ ሁለት እሽግ ስታወዳድሩ ከፓውንድ ዋጋው ጋር አብራችሁ አንብቡት። ሲበስል ደግሞ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ይጠፋል። ስለዚህ 3 ፓውንድ (1.4 ኪሎ ገደማ) አራት ሰው ያጠግባል፣ አምስት ከሆናችሁ ዳቦና ድንች ይጨመርበታል። ሥጋው ከበሰለ በኋላም ሮዝ ሆኖ ይቀራል። ጥሬ ስለሆነ አይደለም፤ ለማቆያ የሚገባው ሶዲየም ናይትራይት ነው ቀለሙን የሚያጸናው። ብዙ ሰው ቀዩን እያየ እሳቱን ያራዝምና ያደርቀዋል።

አብሮ የሚመጣው ትንሽ የቅመም ከረጢት ሰናፍጭ ፍሬ፣ ድንብላል፣ ቁንዶ በርበሬና የበይ ቅጠል የመሰለ ነገር ይይዛል። ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው። ከጓዳ ሦስት ቅርንፉድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ድንብላልና አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት ለሁለት ተከፍሎ ቢጨመር መረቁ ነፍስ ይዘራል። ጨው ግን ቅንጣት አትጨምሩ።

አቀቃቀሉ ቀላል ነው፣ የሚያበላሸው ጥድፊያ ነው። ሥጋውን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቃችሁ ስቡን ወደ ላይ አድርጋችሁ ድስት ውስጥ አስቀምጡት፣ ሁለት ጣት ያህል እስኪያልፈው ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉበት። ጨው የማትወዱ ከሆናችሁ የመጀመሪያውን ውሃ እንደፈላ ድፉትና በአዲስ ጀምሩ። አረፋውን ግፈፉ፣ ቅመሙን ጨምሩ፣ እሳቱን ቀንሱ። ከዚህ በኋላ ውሃው መንተክተክ የለበትም፤ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት አረፋ ብቅ ካለ ይበቃል። በኃይል ሲፈላ ሥጋው ይኮማተርና ውሃውን ይተፋል፤ መረቅ ውስጥ ተነክሮ እያለ ይደርቃል። ለአንድ ፓውንድ 50 ደቂቃ ገደማ አስቡ፣ 3 ፓውንዱ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው 145 ፋራናይት ሲያይ ደርሷል ብሎ እንዳያወጣው። ለጤና አያሰጋም እንጂ አይታኘክም፤ የፍሪምባ ጅማት የሚሟሟው 195 እስከ 205 ፋራናይት (ከ90 እስከ 96 ሴልሲየስ) ላይ ቀስ እያለ ነው። ሹካ ያለ ትግል ገብቶ ከወጣ በቃው።

አትክልቱን ከሥጋው ጋር ከመጀመሪያው መጨመር ትልቁ ጥፋት ነው። ሥጋው ሲበስል አውጥታችሁ በፎይል ሸፍኑት። መረቁ ውስጥ ድንችና ካሮት አስቀድሙ፣ ድንቹ ሊበስል ሩብ ሰዓት ሲቀረው ጥቅል ጎመኑን ስምንት ቦታ ከፍላችሁ ጨምሩ። የጎመኑን ግንድ አታውጡት፣ ቅጠሉን አያይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ከ15 ደቂቃ ብዙ ካለፈ ያ ቤቱን የሚሞላ የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታ ይመጣል። ሥጋውን ስትቆርጡ የክሩን አቅጣጫ እዩና አግድም ቁረጡ፣ ውፍረቱ ከግማሽ ሴንቲሜትር አይብለጥ። በክሩ ርዝመት የተቆረጠ ፍሪምባ የቱንም ያህል ቢበስል ጥርስ ውስጥ ይቀራል። አይሪሽ አሜሪካኖች በሰናፍጭ ወይም ሆርስራዲሽ በሚባል የሚያቃጥል ሥር ይበሉታል። አዋዜም ይስማማዋል፣ ጨው ያልበዛበት ከሆነ።

ወደ ቢራው። ጊነስ ድራፍት በጣሳና ጊነስ ኤክስትራ ስታውት በጠርሙስ አንድ መጠጥ አይደሉም። የጠርሙሱ በአሜሪካ 5.6 በመቶ አልኮል አለው፣ ጋዙ ይነክሳል፣ ምሬቱ ጠንከር ይላል። የጣሳው 4.2 በመቶ ብቻ ነው፤ ጥቁረቱን አይቶ ከባድ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል። ጣሳው ውስጥ የሚንኳኳው የፕላስቲክ ኳስ የፋብሪካ ስህተት አይደለም። ናይትሮጅን የያዘ ነው፤ ጣሳው ሲከፈት ግፊቱ ስለሚወርድ ጋዙ በቀጭን ቀዳዳ ፈንጥቆ ያንን ወፍራም አረፋ ያስነሳል። ለዚህ ነው ከጣሳው መጠጣት ገንዘብ መጣል የሚሆነው። ቢያንስ ሦስት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፣ ያልቀዘቀዘ ጣሳ ሲከፈት ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ብርጭቆውን 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ ሳታቋርጡ ቅዱ፣ እየሞላ ሲሄድ አቅኑት፣ ከዚያ ጥቁሩ ከአረፋው እስኪለይ ጠብቁ። ተለምዷዊው የአሜሪካ ብርጭቆ 16 አውንስ ነው፣ ጣሳው 14.9፤ ከነአረፋው ጠርዝ ላይ ይደርሳልና ሰፋ ያለ ብርጭቆ ካለ እሱ ይሻላል። ብርጭቆው ላይ የቀረ ቅባት ወይም ሳሙና አረፋውን ያጠፋዋል። አልኮል የማይጠጣ ሰው አልኮል አልባውን ጊነስ ይሞክር፣ ከአልኮል አልባ ቢራዎች ለዋናው እጅግ የቀረበ ነው።

ለጿሚ አንድ ነገር፦ የጾሙ መግቢያ በየዓመቱ ቢዘዋወርም መጋቢት 8 ከዐቢይ ጾም አያመልጥም። ጊነስ ቢራውን ለማጥራት ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚሠራ ነገር ለብዙ ዘመን ይጠቀም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 እንደሚተወው አስታውቆ በቀጣዮቹ ዓመታት ትቶታል። በሥጋው ፈንታ ኮልካነን የሚሉት የአየርላንድ የድንችና የጎመን ፍጭ ይሠራል፦ 1 ኪሎ ራሰት የሚባለውን ዱቄታማ ድንች ቀቅሎ፣ ውሃውን አንጠፍጥፎ ባዶ ድስት ላይ ሁለት ደቂቃ ማትነን፣ በእጅ መፍጨት፣ 300 ግራም የተቀቀለና የተጨመቀ ጎመን ከአምስት ዘንግ የሽንኩርት ቅጠል ጋር መቀላቀል። አይሪሾች ወተትና ብዙ ቅቤ ይጨምሩበታል፤ ለጾም የድንቹ ውሃና የወይራ ዘይት ይተካዋል። በብሌንደር ከፈጫችሁት ሙጫ ይሆናል።

በመጋቢት የሚሸጠውን ሶዳ ዳቦ ግን አትግዙ። ስኳር፣ ዘቢብና ዕንቁላል የገባበት ኬክ ነው። የአየርላንዱ አራት ነገር ብቻ ነው፦ 450 ግራም ዱቄት (ለዳቦ ከሚሸጠው ጠንካራ ዱቄት ይልቅ ተራው ይሻላል)፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ፣ 350 ሚሊ ሊትር ገደማ አሬራ። ለጾም በአሬራው ቦታ የአኩሪ አተር ወተት ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ሎሚ ጨምቃችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩት፤ ሶዳው የሚሠራው አሲድ ሲያገኝ ነው። አታቡኩት፤ በእጅ ሰብሰብ አድርጋችሁ በመስቀል ቅርጽ በጥልቀት ቆርጣችሁ ወዲያው ወደ ምድጃ፣ ጋዙ አይጠብቅምና። 450 ፋራናይት ላይ 15 ደቂቃ፣ 400 ላይ 30 ደቂቃ። ሥሩ ሲመታ ባዶ ድምፅ ካሰማ ደርሷል። ቢጫ አረንጓዴ ነጥብና የሳሙና ጣዕም ካለው ሶዳው በዝቷል ወይም ሳይነፋ ጓጉሏል።

ለጿሚ ሥጋው የሚገዛው ከበዓሉ ማግስት ነው፣ መደብሮች የተረፋቸውን በቅናሽ ሲያወጡት። ያልተከፈተው እሽግ ላይ የሽያጭ ማብቂያ ቀን ብቻ ከተጻፈ ፍሪጅ ውስጥ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ለማቆየት የጨው ውሃውን ደፍታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ አጥብቃችሁ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር አስገቡት። ጨው ስቡን በቅዝቃዜም ቢሆን ቶሎ ስለሚያሻግተው ጣዕሙ የሚጠበቀው ለአንድ ወር ያህል ነው። ፋሲካው ሚያዝያ መባቻ ላይ ከዋለ ይደርስላችኋል፤ ወደ ወሩ መጨረሻ ከገፋ ግን ትኩስ ፍሪምባ ግዙ።