ፓወር ኩዌሪ፦ ጎበዝ ነው፣ ጥምቀትን ግን አያውቅም

ጎንደር ላይ ለአንድ ጅምላ አከፋፋይ የሽያጭ ዳታ እተነትናለሁ። ከፒያሳ፣ ከማራኪና ከአዘዞ የሚመጡትን ፋይሎች የሚያዋህድልኝ ፓወር ኩዌሪ የሚባለው የኤክሴል መሣሪያ ነው። ከኤክሴል 2016 ጀምሮ አብሮ ስለሚመጣ ለብቻው አይከፈልበትም። አንዴ ካስተካከልኩት በኋላ «ሪፍሬሽ» ማለት ብቻ ነው።

ጣጣው የኛ ቀን አቆጣጠር ነው። ሻጮቹ ጥቅምት 30ን 30/2 ብለው ይጽፋሉ። እሱ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ኤረር ይላል። ጳጉሜንማ ተዉት! የባሰው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። ጥር 11 በ11/5 ሲገባ ሜይ 11 ይሆናል፤ የጥምቀት የለስላሳ ሽያጭ ሄዶ ግንቦት ላይ ቁጭ! አሁን ቀኑን እንደ ጽሑፍ አስገብቼ፣ ራሴ ከሠራሁት የካላንደር ማመሳከሪያ ሰንጠረዥ ጋር በ«መርጅ» አገናኘዋለሁ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ።